ሦስተኛው ዙር

ልጆቼ፣ እኔ ትምህርት የገፋሁ ሰው አይደለሁም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ሰባተኛን በር ላይ ነው የተውኩት። ስለዚህ ስለ ማስተርስ መግቢያ ፈተና ላውራችሁ ስል ብትስቁ አይከፋኝም፤ ሳቁ። ግን ያን ፈተና አንዲት ልጅ በእኔ ምክር ተፈትናዋለች። ምክሩ ምን እንደነበረና ምን እንዳደረሰባት ሳልናገር ብሞት ቅር ይለኛል።

ቴፒ ከተማ ዳር ባለ አንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሃያ ሦስት ዓመት የአልጋ ኃላፊ ነበርኩ። አልጋ ስል የመኝታውን አይደለም። በእንጨት ቋሚ ላይ የሽቦ ወንፊት ይወጠራል፤ ታጥቦ የወጣው ቡና እዚያ ላይ ይሰጣና በፀሐይ ይደርቃል። ለቃሚዎቹ ሴቶች በግራና በቀኝ ሆነው እየተራመዱ የተበላሸውን ፍሬ ያወጣሉ። አዲስ የገባች ለቃሚ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ትሠራለች። አልጋው ራስ ላይ ቆማ አንዷን ፍሬ እያገላበጠች “ይቺ ደኅና ናት ወይስ አይደለችም?” ስትል ፀሐይ ትጠልቅባታለች።

እኔ የማስተምራቸው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከሩቅ የሚታየውን ብቻ አንሺ፤ ጥቁሩን፣ የተፈነከተውን። የሚያጠራጥርሽን እለፊው። ጫፍ ስትደርሺ ተመለሺ። በሁለተኛው ዙር ዓይንሽ ስለለመደ ቅድም ያጠራጠረሽ አያጠራጥርሽም። ለሦስተኛው ዙር የሚቀርልሽ እፍኝ አይሞላም፤ እሱን ተረጋግተሽ እይው። አልጋው የትም አይሄድም፣ እላቸው ነበር።

ሆሳዕና ታፈሰ ያደገችው በእነዚህ አልጋዎች መሐል ነው። አባቷ ታፈሰ የጣቢያው ማሽን አንቀሳቃሽና የልብ ወዳጄ ነበር፤ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ወባ ወሰደው። እናቷ ተሾመች እኔ ዘንድ ለቃሚ ሆና ልጆቿን አሳደገች። ሆሳዕና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አልጋው እግር ሥር አስቀምጣ እናቷን ታግዛለች።

ሰባተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች።

“ምን ሆንሽ?” አልኳት።

“ሂሳብ ተፈተንን።”

“ስንት ሠራሽ?”

“አሥራ አንድ።”

“ከስንት?”

“ከአርባ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እያለሁ ደወል ተደወለ።”

“አሥራ ሁለተኛው ምን አለበት?”

“ከባድ ነዋ አባባ!”

“እሱ ቢከብድ ታዲያ ሌሎቹ ሃያ ስምንቱ ምን በደሉሽ?”

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እጇን ይዤ አልጋው ራስ ላይ አቆምኳትና ሦስቱን ዙር በቡናው አሳየኋት። “ፈተናውንም እንዲህ ልቀሚው፣ ወረቀቱ የትም አይሄድም” አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሆሳዕና ፈተና ላይ ደወል ቀድሟት አያውቅም። ስምንተኛን በዚህ አለፈች፣ አሥረኛን በዚህ፣ አሥራ ሁለተኛን በዚህ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጓደኞቿ ሁሉ ‘የአባባ አለሙ ዙር’ ይሉት ነበር አሉ። እኔን ደግሞ ይሄ ነገር ምን ያህል እንዳኮራኝ አትጠይቁኝ። ጠላ ቤት ሳይቀር አውርቼዋለሁ።

በ2004 ዓ.ም. ሆሳዕና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሚዛን ተፈሪ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቢሮ የገበያ ባለሙያ ሆና ትሠራለች። በዚያ ዓመት ሆላንድ አገር ያለ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት ከቡና አምራች አገሮች ሁለት ሰዎች ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ለማስተርስ እንደሚወስድ አነበበች። ለእኔ ስትነግረኝ እንደ ሕፃን ትዘል ነበር።

“አባባ፣ እኛ ቡናውን እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እንለቅማለን። ዋጋው ሲወሰን ግን ከእኛ ወገን ማንም እዚያ ክፍል ውስጥ የለም። እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች የሚማሩበትን ቤት አገኘሁት።”

“ታዲያ ምን ቀረሽ? ሂጂያ!”

“ፈተና አለው።”

ጂማት ይሉታል። ንግድ ለመማር ማስተርስ የሚገባ ሰው በዓለም ዙሪያ የሚፈተነው አንድ ፈተና ነው አለችኝ። ሆላንዶቹ ከስምንት መቶው ስድስት መቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ብቻ ይምጣ ብለዋል። ዕድሜውም ከሠላሳ በታች መሆን አለበት፤ እሷ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ሠላሳ ትደፍናለች። ፈተናው ላይ ቦታ ያገኘችው ኅዳር መጨረሻ፣ ማመልከቻው የሚዘጋው ታኅሣሥ አጋማሽ። ያልቀናው ሰው ወር ሳይሞላው ድጋሚ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ለሆሳዕና አንድ ጠዋት ብቻ ነበራት። ከዚያ ጠዋት በኋላ ያ በር ለዘለዓለም ዝግ ነው።

መጽሐፉን ያመጣላት ታላቅ ወንድሟ ቲቶ ነው። ቲቶ አዲስ አበባ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ወሬ የማያልቅበት፣ ልቡ ግን ወርቅ። መጽሐፍ ስላችሁ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ያውም የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። መጀመሪያ ያባዛው ሰው የፊተኛዎቹን ገጾች ትቶ ጥያቄዎቹን ብቻ ነው ያስገለበጠው። ከገጽ ሃያ ሰባት ይጀምራል።

“የፊቱስ የት አለ?” አለችው።

“የፊቱ መግቢያ ምናምን ነው፤ ወሬ። አንቺ የምትፈተኚው ጥያቄውን ነው ወይስ ወሬውን?”

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ፣ ይጻፍብኝ።

ሁለት ወር ሙሉ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በሚኒባስ ከሚዛን ትመጣለች። የለቀማ ወቅት ስለነበር እኔ እሑድም ከአልጋው አልጠፋም። አልጋው ራስ ላይ በርጩማ እሰጣታለሁ፣ የእጅ ሰዓቴን አውልቄ እይዛለሁ። “ጀምሪ!” ስል ትጀምራለች። የመጀመሪያ ዙር፦ የምታውቀውን ትሠራለች፣ የሚያጠራጥራትን በእርሳስ ነካ አድርጋ ታልፋለች። ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛ ዙር። ከሠላሳ ሰባቱ የሂሳብ ጥያቄ በመጀመሪያው እሑድ አሥራ ዘጠኝ አገኘች። በመጨረሻው እሑድ ሠላሳ አንድ። ለቃሚዎቹ እልል አሉላት።

እናቷ ተሾመች ብቻ እልል አላለችም። ከአልጋው ማዶ ቆማ እጇ ሳያርፍ እንዲህ አለችኝ።

“ጋሽ አለሙ፣ እኔ ልጅ ሳልወልድ ጅማ ፋብሪካ ነበር የምለቅመው። እዚያ አልጋ የለም። ቡናው ማሽን በሚጎትተው ረጅም የጎማ ቀበቶ ላይ ነው የሚመጣው። እኛ ተቀምጠን ፍሬው በፊታችን ያልፋል። ያለፈ ፍሬ አለፈ ነው፤ በዓይን እንኳ ከተከተሉት የሚመጣው ያመልጣል። እስቲ አንዳንዴ በዚያም ብታለማምዷት።”

“ምነው ተሾመች፣” አልኳት፣ “ወረቀት እግር አለው እንዴ?”

ሴቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቁ። ተሾመች እንደ ማፈር ብላ ለቀማዋን ቀጠለች። ልጆቼ፣ ያን ሳቅ አሁንም ይሰማኛል።

ፈተናው ቅዳሜ አዲስ አበባ ነበር፤ ቲቶ ተቀብሎ ፈተናው ቦታ ድረስ ያደርሳታል። ሆሳዕና ሐሙስ ጠዋት ተሳፈረች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ሦስት ጣቷን አሳየችኝ። እኔም ሦስት ጣቴን አሳየኋት።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ አልጋው ዘንድ ነኝ፤ ግን ቡናውን አላየውም፤ በየደቂቃው ሰዓቴን ነው የማየው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል መምህር ባምላኩ መጣ። ቴፒ ካለው ካምፓስ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ተማሪዎቹን ለጉብኝት ሊያመጣ ቀጠሮ ሊይዝ ነው የመጣው።

“መምህር፣ ዛሬ የእኔ ልጅ ጂማት ተቀምጣለች” አልኩት ሰላም እንኳ ሳልለው።

“ሆሳዕና? ኧረ ጎበዝ! በስንት ሰዓት ነው?”

“በሦስት።”

“በርትታለች። እኔም ከአራት ዓመት በፊት ተፈትኜዋለሁ፤ አናት የሚያዞር ነገር ነው።”

“እሷን አያዞራትም። ሦስት ዙር ትሄድበታለች።”

“የምን ዙር?”

ደስ እያለኝ አስረዳሁት። በእጄ እያሳየሁ፣ አልጋው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተራመድኩ። ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት። መምህሩ ፈገግታው ጠፍቷል።

“አባባ፣ ፈተናው በኮምፒውተር እንደሆነ ታውቃለች አይደል?”

“እንዴት አታውቅም! በወረቀት ምትክ ኮምፒውተር።”

“እሱ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መልስ ካልተሰጠው ቀጣዩን አያመጣም። መልስ ከተሰጠው ደግሞ ያ ጥያቄ ሄደ። ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም።”

“በኋላም? ሰዓት ቢተርፋት?”

“በጭራሽ።”

አልጋውን ያዝኩ።

“እና የሚያጠራጥራትን ምን ታደርጋለች?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“ማንኛውንም መልስ ነክታ ታልፋለቻ። እመለስበታለሁ ብላ።”

“የባሰው እሱ ነው። መጀመሪያ የሚመጡትን ከሳተች ማሽኑ ‘ይቺ አትችልም’ ብሎ ቀለል ያሉትን ይሰጣታል። ቀላሉን ብትመልስ ደግሞ ነጥቡ ከፍ አይልም። የፊተኛዎቹ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባት።”

ከአልጋው ማዶ ተሾመች ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። እጇ ውስጥ ያለውን ፍሬ አልጣለችውም፣ አልመለሰችውም፤ ዝም ብላ ይዛዋለች።

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። የመምህሩም የለውም። ከትናንት ማታው ዝናብ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ተቋርጧል አሉ።

“ሁለት ሰዓት ተኩል ሊል ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ ምን ይሻለኛል መምህር?”

“ይረጋጉ። መጀመሪያ ድርሰት ነው የሚጽፉት፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ትንሽ ዕረፍት አለ። ሂሳቡ ከዕረፍቱ በኋላ ነው። እስከ አራት ሰዓት ካገኘናት…”

“የት ሆነን ነው የምናገኛት?”

“የጌጫ መንገድ ላይ፣ ሾፌሮች እየቆሙ የሚደውሉበት ጠመዝማዛ አለ። እዚያ አንዳንዴ ይሠራል። ሞተሬን ይዣለሁ።”

በሕይወቴ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቼ አላውቅም። በዚያ ቀን ጋቢዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጫካው ገና ውሃውን አንጠባጥቦ አልጨረሰም። ሁለት ጊዜ ወረድኩና ገፋን። ግማሽ አቀበት ላይ ሰንሰለቱ ወለቀ። መምህሩ ተንበርክኮ በዱላ ሲያስገባ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ቆሜአለሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ከሃያ አምስት፣ ሦስት ተኩል። እመቤቴን እለምናለሁ። መልሼ ደግሞ ምን ብዬ እንደምለምናት ይጠፋብኛል፤ የተሳሳተውን ያስተማርኩት እኔ ነኛ።

ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። የሆሳዕና ስልክ ዝግ ነው፤ ሲገቡ ተቀብለዋታል። ለቲቶ ደወልኩ። አልጠራም። ደግሜ ደወልኩ። በአራተኛው ጠራ።

“ቲቶ! ስማኝ፣ የት ነህ?”

“እዚሁ ነኛ አባባ፣ ፎቁ ላይ ወንበር ሰጥተውኛል። ቢሮው እንዴት ያምራል መሰለዎት፣ ውሃ በነፃ…”

“ውሃውን ተውና ስማኝ! ሆሳዕናን አግኛት። መመለስ የለም በላት።”

“ከየት ነው የማትመለሰው? ምን ሆኑ?”

“ጥያቄው! ያለፈችው ጥያቄ አይመለስም። ዙር የለም። ሁሉንም እዚያው ሠርታ ትለፍ በላት። በተለይ የፊተኛዎቹን!”

ቲቶ ሾፌር ነውና ነገሩ ቶሎ ገባው።

“ስልኩን አይዝጉት” አለኝ።

ሲራመድ ሰማሁት። ከአንዲት ሴት ጋር ሲነጋገር ሰማሁ፤ እሱ ሲለምን፣ እሷ በትሕትና ስትመልስ። ተመልሶ መጣ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

“አባባ፣ በዕረፍት ሰዓት ከሰው ጋር ስለ ፈተናው ካወራች ይሰርዙታል አለችኝ። መሰረዝ ብቻም አይደለም፣ ማመልከቻ ለምትልክበት ትምህርት ቤት ሁሉ ያስታውቃሉ አለች።”

“እሺ…”

“ግን ሽንት ቤቱ በዚህ ኮሪደር ነው። አጠገቤ ነው የምታልፈው። አንዲት ቃል ጣል ባደርግስ? ‘አትመለሺም’ ብቻ ብላት?”

“ካሜራ የለም?”

“አለ። ከራሴ በላይ አንድ፣ በሩ ላይ አንድ።”

መምህሩን አየሁት። ሁሉንም ሰምቷል።

“ምን ልበለው?” አልኩት።

“እኔን አይጠይቁኝ አባባ።”

“የተማርከው አንተ አይደለህም እንዴ!”

“ለዚህ የተማርኩት ነገር የለም” አለና ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ።

ልጆቼ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል ሊያስብ እንደሚችል ያን ቀን አወቅኩ። ቲቶ ከነገራት ምናልባት ማንም አይሰማም፤ ሆሳዕና ሆላንድ ትሄዳለች፣ እኔም ጥፋቴ ይሰረይልኛል። ከሰሙ ደግሞ ስሟ ላይ ይጻፋል፤ አጭበርባሪ ተብላ። በሕይወቷ ከሰው ደብተር አንድ መስመር ያልገለበጠች ልጅ። ካልነገራት ግን አውቄ፣ እያየሁ፣ ገደል ስትገባ ዝም አልኩ ማለት ነው። ያኔ ስለሷ ነው ወይስ ስለራሴ ነው የማስበው? አሁንም ለይቼ አላውቀውም።

“አባባ፣ በሩ ተከፈተ። እየወጡ ነው። ቶሎ ይበሉ!”

“ተው፣ ቲቶ።”

“ምን?”

“ተው አልኩህ። ዝም በል።”

“እርስዎ አበላሽተው እኔን ዝም በል ይሉኛል?”

“አዎ” አልኩት። “እንደሱ ነው። ዝም በላት።”

መልሶ የሆነ ነገር ሲል ድምፁ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ምንም። ብደውል፣ ብደውል አልጠራም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። መምህር ባምላኩ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። አንድ የእንጨት ጭነት መኪና አልፎ ሾፌሩ “ተበላሸባችሁ እንዴ?” ብሎ ጠየቀን። “አዎ” አለው መምህሩ።

ያን ቀንም፣ በማግሥቱም ወሬ አልነበረም። እሑድ ከሰዓት ኔትወርኩ ሲመለስ ቲቶን አገኘሁት። “ተሳፍራለች። እሷው ትንገርዎት” ብሎ ዘጋው። ቲቶ ወሬ ሲያሳጥር ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ መናኸሪያ ጠበቅኳት። ከመኪናው ስትወርድ አቅፋ ሳመችኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ሦስቴ። ቦርሳዋን ልቀበላት ስል አልሰጥም አለች። ወደ ቤት እየሄድን መናገር ጀመረች፤ እኔ ሳልጠይቃት።

“ድርሰቱ ደኅና ነበር አባባ። ለዕረፍት ስወጣ ቲቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እንዲስቅ ብዬ ሦስት ጣቴን አሳየሁት። አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የደከመው መሰለኝ።”

እግሬ ብቻ ነው የሚሄደው።

“ከዚያ ሂሳቡ መጣ። መጀመሪያ ላይ ‘ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም’ የሚል ነገር አሳይቶኛል፤ አልዋሽም። እኔ ያለቀውን ክፍል፣ ድርሰቱን፣ ነው የሚለኝ መስሎኝ አለፍኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ አጠራጠረኝ፤ አንዱን ነክቼ አለፍኩ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ስድስት ጥያቄ እንዲሁ አለፍኩ። ሰባተኛው ቀላል ሆነልኝ። ስምንተኛው ደግሞ ከሱ ይቀላል። አባባ፣ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! እንዲህ ከሆነማ ቶሎ ጨርሼ ወደ ስድስቱ እመለሳለሁ ብዬ… አሥራ አንደኛው ላይ ለማየት ያህል መመለሻውን ፈለግኩት።”

ቆመች። እኔም ቆምኩ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋ አለፈን።

“የለም” አለች። “ስክሪኑ ላይ የትም የለም።”

“ከዚያስ?”

“ትንሽ ጊዜ ምንም አላደረግኩም። ሰዓቱ ማዕዘን ላይ ሆኖ ይቀንሳል። ከዚያ እማዬ ትዝ አለችኝ፤ ጎማው። ያለፈ ፍሬ አለፈ ነው፣ በዓይንሽም አትከተዪው ያለችው። እሷን እያሰብኩ የሚመጣውን ብቻ ሠራሁ። ሂሳቡንም እንግሊዝኛውንም እንደዚያ ጨረስኩ። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፤ ነጥብሽን ሳታዪው ላጥፋው ወይስ ልያዘው አለኝ። ሁለት ደቂቃ ሰጠኝ። ካጠፋሁት ማንም ስንት እንዳመጣሁ አያውቅም፤ ግን በሩም ተዘጋ። ልያዘው አልኩት።”

“ስንት?” አልኳት።

“አምስት መቶ ሰማንያ።”

ሃያ ጎደላት ማለት ነው። ስድስቱ የፊተኛ ጥያቄዎች የት እንደሄዱ እኔም እሷም እናውቃለን።

ያኔ ነው የነገርኳት። ጠመዝማዛውን፣ ስልኩን፣ ቲቶ ‘ልንገራት’ ሲለኝ ‘ተው’ ያልኩትን። ወደ ፊቷ ማየት አቅቶኝ ጫማዋን እያየሁ ነው የጨረስኩት። ጫማዋ አዲስ ነበር፤ ለፈተናው የገዛችው።

“ቲቶ ነግሮኛል” አለችኝ።

“ልጄ፣ እኔ…”

“ብትነግሩኝ ኖሮ ስድስቱ አይጠፉም ነበር። ብትነግሩኝ ኖሮ ደግሞ ሊሰርዙኝ ይችሉ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ሳስብ ነው የመጣሁት። ዛሬ መልስ የለኝም አባባ። ዛሬ አይጠይቁኝ።”

ቤት ስንደርስ ተሾመች በር ላይ ነበረች። ነጥቧን አልጠየቀቻትም። ፊቷን ብቻ አየችና “በልተሻል?” አለቻት። ሆሳዕና እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ትንሽ ቆየሁና ሄድኩ።

ማመልከቻዋን ግን ልካዋለች፤ ከነአምስት መቶ ሰማንያው። የካቲት ላይ መልስ መጣ፤ ሁለት መስመር። ሚያዝያ ላይ ሠላሳ ዓመት ደፈነች። ዛሬም ሚዛን እዚያው ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ታከብረኛለች፣ በዓል ሲሆን ትመጣለች። ማንም ሰው አኩርፋዋለች አይልም። እኔ ግን የማልረሳው ያን ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ሰኞ እንደነገርኳችሁ ሆነ። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ አልጋው ዘንድ ስደርስ ሆሳዕና ቀድማኝ ቆማለች። ወደ ሚዛን የሚሄደው መኪና እስኪነሣ ነው። እናቷ ማዶ፣ እሷ ወዲህ። ሰላም አለችኝና ለቀማ ጀመረች። አልጋው ራስ ላይ አንዷን ፍሬ አንሥታ ለረጅም ጊዜ አገላበጠቻት፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለች እንደምታደርገው። ከዚያ ፍሬዋን ጣለችና ሄደች፤ ቀስ ብላ፣ አንዱንም ሳታልፍ፣ እያንዳንዱን እዚያው እየጨረሰች። ጫፍ ደረሰች። እስክትመለስ ጠበቅኩ።

አልተመለሰችም። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ቦርሳዋን አነሣች።

“ሁለተኛውን ዙር እርስዎ ይሂዱበት አባባ” አለችኝ። “እኔን መኪና ያመልጠኛል።”

ሄደች። እኔም እንዳለችኝ ከአልጋው ራስ ጀመርኩ። አንድ አነሣሁ፣ ጣልኩ። ሌላ አነሣሁ፣ ጣልኩ። እንዲህ እያልኩ ግማሽ አልጋ የሄድኩ ይመስለኛል፤ ተሾመች ከማዶ ሆና በለሆሳስ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ እንዲህ አለችኝ።

“ጋሽ አለሙ፣ ይተዉት። ደኅና ደኅናውን ነው የሚጥሉት።”